በወይራ የታጠነው ጠርሙስ

የወይራ ጭስ ሲሸተው ሌላው ሰው ጠላ ያምረዋል። እኔ ዓይኔን እሸፍናለሁ። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ጋን ስታጥን ጭሱ በአጥሩ ሾልኮ ግቢዬ ገባ፤ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ ነበርና እጄ ሳላዘው ወደ ፊቴ ተነሥቶ ሰፌዱን ደፋው። ጎረቤቴ በአጥሩ አጮልቃ አይታኝ፣ ‹‹ውይ እትየ አንጓች፣ ጭሱ ቆጠቆጠዎ?›› አለችኝ። ‹‹አወ ልጀ›› ብዬ ምስሬን ከመሬት መልቀም ጀመርኩ። ሌላ ምን እላታለሁ? ዕድሜዬን የጨረስኩት ስለ ባዶ ጠርሙስ ሰው ሳስረዳ ነው። በእኔ ማስረዳት የተነሣ ሳይሞት የቀረ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ግን ያልሞተ ሰው መጥቶ አያመሰግንም፤ እሱም አያውቀው፣ እኔም አላውቀው። ጡረታ የወጣሁ ቀን የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ሰዓቱም ከቆመ ቆየ።

ፍኖተ ሰላም የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ ስመደብ ገና ልጅ ነበርኩ። ጎፈሬዬን አበጥሬ፣ ተረከዙ ረጅም ጫማ ተጫምቼ ከአውቶቡስ ስወርድ የጋሪ ነጂዎቹ ለፈረሶቻቸው ሳይቀር አሳዩኝ። ጫማው ከመናኸሪያው ጭቃ አላለፈም፤ በሳምንቱ እንደ ሰው የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ገዛሁ። በዋናው መንገድ ዳር ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን በረንዳ ላይ ደርድረው ይረግጣሉ። ከሻይ ቤቱ ቴፕ የሚወጣው ዘፈን ከመኪናዎቹ ድምፅ ጋር ተደባልቆ እስከ እኛ መስኮት ድረስ ይመጣል፤ ካሴቱ ከመለፋቱ የተነሣ ዘፋኙ መሐል ላይ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። ሻይ በስሙኒ ነው፣ ከነፓስቲው። ዛሬ ስሙኒ ምን እንደሆነ ለልጅ ልጆቼ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ የነበሩበት በረንዳ አሁን የስልክ ካርድና የስልክ ልባስ ይሸጥበታል፤ ባጃጆቹ ሲያልፉ ደግሞ እንኳን ዘፈን የራስህን ሐሳብ አትሰማም። አልፎ አልፎ ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ሲያልፍ ቆሜ አየዋለሁ። የሚያየኝ ሰው ምን ነካት ይላል።

ሥራዬ ወባ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲሆን ከቆላው ሰው በቃሬዛ ይመጣል፤ የጤና ጣቢያው ግቢ በጋቢ ተጠቅልሎ በሚንቀጠቀጥ ገበሬ ይሞላል። የጣታቸውን ደም መስታወት ላይ እንቀባለን፤ ሲደርቅ ደሙ እንዲይዝ ሜታኖል እናፈስበታለን፤ ከዚያ ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ነክረን በማይክሮስኮፕ እናየዋለን። ይህ ሜታኖል የሚሉት ውኃ የመሰለ ነገር ነው። ሽታው አረቄ አረቄ ይላል፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ጥቂት የቀመሰ ዓይኑን ያጣል፤ የደገመ አይተርፍም። ቢጠጣው ወዲያው ምንም አይለውም፤ ደህና ነኝ ብሎ ተኝቶ በማግስቱ ጭጋግ ውስጥ ይነቃል። በቆዳም ይገባል፤ ትነቱ ራስ ያዞራል። የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ሕጋቸው ብዙ ነው። ጠርሙሱ ሳይከፈት መስኮቱ ይከፈት። በክፍሉ ውስጥ ኩራዝም ሲጃራም አይታይ። ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ስሙ በተጻፈበት ትንሽ ብልቃጥ ይቀዳ፤ ትልቁ ወዲያው ተከድኖ ቁም ሣጥን ይግባ። በዚያ ዘመን ሁሉን ነገር በቀጭን ቱቦ በአፍ እየሳብን ነበር የምንለካው፤ ሜታኖል ላይ ሲደርስ ግን ጋሽ ተሰማ ቱቦውን ከአፋችን ላይ ይነጥቁናል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ግቢው መካከል አውጥተው አቆሙን። ድንጋይ ላይ ትንሽ ሜታኖል ጠብ አደረጉና ክብሪት ጫሩበት። ‹‹ይነዳል?›› አሉን። ምንም አይታይም፤ ድንጋዩ ድንጋይ ነው። ‹‹የለም፣ ጠፍቷል ጋሸ›› አልናቸው። ከአጥሩ ሥር ሰንበሌጥ ነቅለው ከድንጋዩ በላይ ያዙት፤ ሰንበሌጡ ከእጃቸው ላይ ቦግ አለ። ‹‹ይህ ነገር ፀሐይ ላይ ሲነድ እሳቱ አይታይም። ሰውየው እየነደደ ቆማችሁ ታዩታላችሁ›› አሉ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ፈራሁ፤ ፍርሃቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቆኝ አያውቅም።

ጣጣው የመጣው ከባዶው ጠርሙስ ነው። ሜታኖሉ የሚመጣው በቡናማ፣ ወፍራም፣ ክዳኑ ጠርቅሞ በሚገጥም ጠርሙስ ነበር። የዛሬ ልጅ የላስቲክ ጠርሙስ በየቦዩ እየረገጠ ስለሚያድግ አይገባውም፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጠርሙስ የሚገኝበት ቤት የሀብታም ነው። ጠበል የሚቀዳው ይፈልገዋል፣ ማር የሚያሰነብተው ይፈልገዋል፣ ቅቤ አንጥራ የምታስቀምጠው ትፈልገዋለች። ጋሽ ተሰማ ደግሞ ባዶው ሁሉ ታጥቦ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ከላቦራቶሪው ኋላ ካለው ጉድጓድ ውስጥ ይሰበር ብለው አዘዋል። ሰባሪዋ እኔ ሆንኩ። በከተማው ምቀኛ ተባልኩ፤ ጠርሙስ ሰባሪዋ ተባልኩ። ለቅሶ ቤት ስገባ ሴቶቹ ብርጭቆውን ወደ ጓዳ ያሸሹት ጀመር፣ በቀልድ። ‹‹በግራዋ ቅጠል አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ የማይጠራ ምን አለ?›› ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ሜታኖል በውኃ ይለቃል፤ ደጋግሞ ያለቀለቀው ሰው ምንም አይሆንም። ግን ዛሬ የታጠበው ሰው ቤት ከገባ ነገ ያልታጠበው ይገባል፤ ከነገ ወዲያ ሙሉው ይገባል። ቡናማ ጠርሙስ ሁሉ ደግ ነው ተብሎ አንዴ ከተለመደ በኋላ ማንም ቆሞ አይጠይቅም። ይህን ስንት ጊዜ ተናገርኩ! ሰው እስከ መጨረሻው ይሰማኝና፣ ‹‹በይ እሺ፣ እንግዲያ አንዱን ብቻ›› ይለኛል።

ሐዋ በአንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር የምንኖር ጓደኛዬ ነበረች። መናኸሪያው ጥግ ላይ ባለች ጠባብ ሱቋ ኩል፣ ሂና፣ በብልቃጥ የሚለካ ሽቶና ጥቁር አዝሙድ ትሸጥ ነበር። ከሱቋ ስትመለስ ገና ከበሩ ሳትገባ ሽታዋ ይደርሰናል። ልጄን ያሳደገችልኝ እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ እኔ ሥራ ስውል ከራሷ ልጅ ከጀማል ጋር በአንድ ሳህን ታበላት ነበር። ለአረፋ ከሥጋው ሌላ ያለውን ሁሉ፣ ዳቦውንም ማሩንም ትልክልኛለች፤ ለፋሲካ እኔም እንደዚያው። አገር ለማላውቅ ሰው አገር የሆነችኝ እሷ ነበረች። ጥቁር አዝሙድ አስጨምቃ ዘይቱን መሸጥ ስትጀምር ጠርሙስ ለመነችኝ።

‹‹አይሆንም ሐዋየ። ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ።››

‹‹ባዶውን እኮ ነው። ዘይቱ ብርሃን ሲያየው ይበላሻል፤ ቡናማ ነው የሚሆነው።››

‹‹መርዝ የነበረበት ነው።››

‹‹መርዝ ከሆነ አንች ጠዋት ማታ ስታሸችው እንዴት ሳትሞች ቀረሽ?››

መስኮቱን ስለምከፍት ነው አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ጠርሙስ የሚል ቃል አንሥታብኝ አታውቅም። የረሳችው መስሎኝ ነበር።

ምሳ ልበላ ወደ ቤት የመጣሁበት ቀን ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ቡፍ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ የጠርሙስ መሰንጠቅ ሰማሁ። ስገባ ሐዋ ግቢው መካከል ቆማ ፊቷንና ሻሿን በሁለት እጇ ትመታለች፣ ትሽከረከራለች። እግሯ ሥር የወይራ ፍም ያለበት ገል ተገልብጧል። እሳት የለም። ጎረቤቶቹ፣ ‹‹ምን ነካት? ዛር ነው እንዴ?›› እያሉ ቆመው ያዩዋታል። የሻሿ ጫፍ ግን ማንም ሳይነካው እየጠቆረ እየተጠቀለለ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ሰንበሌጡ ትዝ አለኝ። ጠዋት ዘፍዝፌው የሄድኩትን ጋቢ ከሳፋው ጎትቼ ከነውኃው ጣልኩባትና አብሬያት ወደቅሁ። እንደዚያ አቅፌያት አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ነው። ጠርሙሱን ከጅጋ ገበያ፣ ከቆራሌው ነው የገዛችው፤ እሱም ከየት እንዳመጣው አያውቅም። ሥሩ ላይ የቀረውን ፈሳሽ ስትደፋው እጅጌዋንና ሻሿን ረጭቷታል። ውኃ አላስነካችውም፤ ዘይት የሚገባበት ዕቃ እርጥበት ካየ ዘይቱ ይበላሻል፣ ይህን ማንኛዋም የቤት ሴት ታውቃለች። ሽታውን ወይራ ያጠፋዋል ብላ ጠርሙሱን ፍሙ ላይ ደፋችው። ለቅል፣ ለጋን፣ ለእንስራ እንደዚያ ነው የሚደረገው። ያልታጠበ ሜታኖል ያለበትን ጠርሙስ በፍም የሚያጥን ሰው በዓለም ላይ ከኛ አገር ሌላ ያለ አይመስለኝም። የተሳሳተችው በስንፍና ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ የተሳሳተችው በንጽሕናዋ ነው።

ዓይኗ ተረፈ። የግራ ዓይኗ ቆብ ግን ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ አልተከደነም፤ ስትተኛም በጠባቡ ታያለች። ከተማው ጠርሙሱ ከእኔ ላቦራቶሪ ነው የወጣው አለ። ሊጠይቋት ሲመጡ ፊቷ እንደተጠቀለለ፣ ‹‹ከጅጋ ነው የገዛሁት፤ እሷማ ባዶውንም ነፍጋኛለች›› ብላ መለሰችላቸው። በዚህ ቃሏ ከእንጀራዬ አልተነሣሁም። አልተጣላንም፤ ብንጣላ ይሻል ነበር። ከኔ ጋር ስትቀመጥ ግራ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ እኔም ላለማየት ስል ጣራ ጣራ አያለሁ። እንዲህ ሆኖ ወሬ አይጥምም። በኋላ ጀማል ቡሬ የእህል ንግድ ጀምሮ ይዟት ሄደ። በረመዳንና በፋሲካ በሰው እጅ ሰላምታ እንላላክ ነበር፤ ከዚያ ሰላምታ የሚያደርሱት ሰዎችም አንድ በአንድ ሞቱ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በማንኩሳ በኩል አንድ ካሴት ሰምተህ ሳትጨርስ የምትደርስበት መንገድ ነው። ሄጄ አላየኋትም። ለምን ብትሉኝ አላውቅም፤ ናፍቃኝ ግን ነበር።

ምስሬን በደፋሁበት ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ይቆራረጣል። ‹‹አንጓች፣ ሐዋ ነኝ። ቤቴ ጠርሙስ ገብቷል። ነይ›› አለችኝና ጠፋ። ብደውል አይሠራም። መንገዱም በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነበር፤ ልጄ፣ ‹‹እማ፣ በዚህ ጊዜ ለጠርሙስ ብለሽ ቡሬ?›› ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው። ጉልበቴም አይሆንም። ነጠላዬን ለበስኩና ሄድኩ።

ሚኒባሱ ቡሬ አደረሰኝ፤ ባጃጁ ደጃፏ ድረስ ወሰደኝ። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል። ጉልቻው ላይ የተጣዱት ድስቶች ቀዝቃዛ ናቸው፤ የተከተፈው ሽንኩርት ተከምሮ ዝንብ ያርፍበታል፤ ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተኮራምተው ተቀምጠዋል። የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ። ጀማል፣ ያ ከልጄ ጋር በአንድ ሳህን የበላው ልጅ፣ ጢሙ ሸብቶ ሮጦ መጣ።

‹‹እትየ፣ እንኳን ደህና መጡ። ነገ የትልቋ ልጀ ኒካህ ነው። እማየ ከጠዋት ጀምራ እሳት የሚባል አይነድም ብላ ምድጃው ሁሉ ላይ ውኃ ደፋችበት። እንግዳ ምን ሊበላ ነው? ሰው፣ አእምሮዋ ተነካ እያለ ነው፤ እንጃ እኔም።››

ሐዋ ግቢው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ የተደፋ ሳፋ አለ፤ ሳፋው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተጭኗል። አጥራለች፣ ነጥታለች። ስታየኝ አልተነሣችም። ‹‹ከሥሩ ነው›› አለች በአገጯ እያሳየችኝ። ‹‹ማንም አልነካውም። ሴቶቹ ፍም ይዘው ሲመጡ ነው የደረስኩባቸው፤ ለሙሽራዋ የፀጉር ዘይት ሊያደርጉበት፣ በወይራ ሊያጥኑት።››

ጠርሙሱን ያመጣችው የጀማል ታናሽ ልጅ ሰዓዳ ናት፤ ኬሚስትሪ ትማራለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ‹‹እማማ፣ ከምንማርበት ላቦራቶሪ ሊጣል ተቀምጦ ነው አስፈቅጄ ያመጣሁት። ለአያቴ ዘይት ማስቀመጫ ይሆናታል ብዬ ነው። በደንብ ታጥቧል፣ ማንም አይሰማኝም›› አለችኝ። ጎንበስ አልኩ፤ ጉልበቴ ተንቋቋ። ድንጋዩን አንሥቼ ሳፋውን ገለጥኩ። ቡናማ ነው፤ ክዳኑ ጠርቅሞ የሚገጥም፤ የራስ ቅል ሥዕሉ ከነወረቀቱ ግማሹ ተልጧል። እንደ ድሮ ጓደኛ አወቅሁት። ክዳኑን ፈትቼ አፍንጫዬን ሳላስጠጋ አየሩን በእጄ ወደ ራሴ ሳብ ሳብ አደረግሁ፣ ጋሽ ተሰማ እንዳስተማሩኝ። ሳሙና ይሸታል። ወደ ፀሐይ አነሣሁት፤ ጠብታ የለበትም። ደርቋል፣ ጸድቷል። ማር ቢያስቀምጡበት የሚበላ ነበር።

ግቢው በሙሉ አፌን ያያል። ቀና ስል ሐዋ ግራ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነበር። ከተቃጠለችበት ቀን ወዲህ ስታዞርልኝ የመጀመሪያዋ ነው። ያቺ የማትከደነው ዓይን ትጠብቀኛለች። ምንም የለበትም ብል ነገ ኒካሁ ላይ፣ ከነገ ወዲያም እስክትሞት ድረስ፣ በባዶ ጠርሙስ ሠርግ ያቆመች እብድ ተብላ ትቀራለች። መርዝ አለበት ብል ደግሞ ይህቺ ልጅ ምን አደረገች? ደከመኝ። እዚያው መሬት ላይ ብቀመጥ ደስ ባለኝ።

‹‹ጆንያና ዘነዘና አምጡ፤ ይሰበራል›› አልኩ።

ሰዓዳ አፏን ስትከፍት እጇን ይዤ ወደ ዳሱ ምሰሶ ወሰድኳት። ‹‹ልክ ነሽ ልጀ። አጥበሽዋል፣ ሸትቼዋለሁ። ግን አክስቶችሽ ፍም ሲያመጡ ታጥቧል ወይ ብለው ጠየቁሽ?›› አልኳት። ‹‹አልጠየቁኝም›› አለች። ‹‹ሌላ ሰው ሌላ ቢያመጣስ ይጠይቁታል?›› እንባዋን ጠርጋ ጆንያውን ራሷ አመጣችው። ከድሮዎቹ ጋር ስንት ዓመት የፈጀሁበትን ከእሷ ጋር በአንድ ጥያቄ ጨረስኩት። ጠቀለልኩት፤ ዘነዘናውን አነሣሁ። ክንዴ ልማዱን አልረሳም፤ በአንድ ምት ሄደ። ሐዋ በርጩማዋ ላይ ቀና ብላ፣ ‹‹በሉ አሁን እሳታችሁን አንድዱ›› አለቻቸው። ‹‹አይ ሐዋ፣ ለካ አውቃ ነው!›› አለ አንድ ሽማግሌ ከዳሱ ውስጥ። ሴቶቹ እልል እያሉ ወደ ጉልቻው ሮጡ። አንዷ የሐዋን እጅ ሳመች።

ሐዋ እደሪ ብትለኝ መንገዱ ነገ ይዘጋ ይሆናል ብዬ ተነሣሁ። በትሯን ይዛ እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኘችኝ። ባጃጅ እስኪመጣ ግንቡን ተደግፈን ቆምን።

‹‹አንጓች፣ ለኔ እውነቱን ንገሪኝ። ነበረበት?››

ለእሷ መዋሸት አልቻልኩም። ‹‹አልነበረበትም። ልጅቱ አጥባዋለች።››

ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። የተቀየመችኝ መሰለኝ። በጣቷ የግራ ዓይኗን ቆብ ነካ ነካ አደረገችና፣ ‹‹ምናለ ያኔ የኔንም በሰበርሽብኝ›› አለች።

‹‹መች አሳየሽኝ ሐዋየ?››

‹‹ትሰብሪብኛለሽ ብየ ደበቅሁሻ።››

ሳቀች፤ እውነተኛው የድሮው ሳቋ ነበር። እኔም ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ፤ ለጠፋው ጊዜ ሁሉ፣ አብረን ሳንቀመጥ ለቀረነው ቀን ሁሉ አለቀስኩ። በዚያን ጊዜ ግቢው ውስጥ እሳቱ ተያይዞ ኖሮ ጭሱ በአጥሩ ላይ ዘሎ መጣ፤ ወይራም አግብተውበታል። እጄ እንደ ልማዱ ሊነሣ ሲል ሐዋ ቀደመችኝ። በትሯን ለቃ በሁለት መዳፎቿ ዓይኔን ሸፈነችልኝ።